ባዶውን መለካት

ጥሩ እጅ የሠራው የወፍጮ ቤት ሳጥን ሲከፈት መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ሽቦው ሳይሆን ባዶው ነው። ጎንና ጎኑ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ የብረት ሳጥን፣ ውስጡ አራት ሽቦ ብቻ። በግራው ግድግዳ ላይኛ ጥግ ይገባሉ፣ ሰፋ ብለው ይዞራሉ፣ በወለሉ ቀኝ ጥግ ይወጣሉ። ሦስቱ ወፍራም ናቸው፤ አራተኛው አረንጓዴና ቢጫ የለበሰው የመሬት ሽቦ ቀጠን ይላል። መሃል ላይ ቅጥልጥል የለም፣ በቴፕ የተጠቀለለ ነገር የለም፣ በግድ ታጥፎ የተጠቀጠቀ የለም። ገንዘቡን የከፈለው ሰው ግን ይህን ሲያይ ፊቱ አይፈታም። «አንተ ልጅ፣ ይሄን የሚያህል ሳጥን ምን ልትከትበት ነው?» ይላል። ሠራተኛው «ምንም ጋሼ፤ ባዶ እንዲሆን ነው» ቢል እውነቱን ተናገረ። እውነቱ ግን ገንዘብ አያስከፍልም፤ እንዲያውም ያጠራጥራል።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከተሞች ብዙ ኤሌክትሪክ ከሚጠጡት ቤቶች ዋናው ወፍጮ ቤት ነው። በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ፣ በመካነ ኢየሱስ በገበያ ቀን ገብሱና ጤፉ በአህያ ተጭኖ ይመጣል፣ ተራ ይያዛል፣ ወፍጮው ይጮኻል። የናፍጣ ወፍጮ ጭሱ ሌላ፣ ጩኸቱ ሌላ ነበር፤ ነዳጁ ግን በበርሜል መጥቶ በር ላይ ይራገፋል። የመብራት ወፍጮ ነዳጁ የሚመጣው በሽቦ ነው። ሽቦው ደግሞ በሆነ ቱቦ ማለፍ፣ በሆነ ጥግ መዞር፣ በሆነ ሳጥን ውስጥ ማረፍ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረው ጢስ ዓባይም ሆነ በ2010 የተመረቀው 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ ኃይላቸውን የሚያስረክቡት ለብሔራዊው መረብ ነው፤ የመረቡ ማማና ማከፋፈያ በመሐንዲሶች ጉባኤ ይታቀዳል። ከቆጣሪው ወዲህ ያለችው የመጨረሻዋ ሃያና ሠላሳ ሜትር ግን የምትታቀደው ልስን ግድግዳ ላይ በእርሳስ ነው፤ አቃጁም ሠሪውም አንድ ሰው ነው። እኔም ማድነቅ የምፈልገው የእርሳሱን መስመር ነው።

እንበል፣ ነፋስ መውጫ ዳር ላይ አንድ ሰው ሁለት ባለ 30 ኪሎ ዋት ወፍጮ ሊያቆም ነው። አንዱ ሞተር ሙሉ ሸክም ሲይዝ በ380 ቮልት ሦስት ፌዝ ወደ 60 አምፔር ይስባል፤ ሁለቱ 120። አሜሪካኖች ለሞተር መስመር ከትልቁ ሞተር ላይ ሩቡን ጨምሩ ይላሉ፤ 15 ሲታከል 135 ሆነ። አሁን በእኛም ዘንድ መሐንዲሶች የሚገለብጡትን የዓለም አቀፉን የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ሠንጠረዥ እንክፈት። ፒቪሲ የለበሰ የመዳብ ሽቦ፣ ግድግዳ ላይ በታሰረ ቱቦ ውስጥ፣ ሦስቱም ሸክም ይዘው፦ 50 ካሬ ሚሊ ሜትሩ 134 አምፔር ይችላል። 70ው 171።

አንድ አምፔር ጎደለች።

ለአንዲት አምፔር ብሎ ከ50 ወደ 70 መዝለል ብዙ መዳብ ነው፤ መዳብ ደግሞ ዛሬ በሜትር ሲገዛ ልብ ያደማል። «50 ይበቃል» የሚለው ሠራተኛ ክርክር አለው፤ ሰነፍ ክርክርም አይደለም። ሠንጠረዡ የተሠራው አየሩ 30 ዲግሪ ነው ብሎ ነው። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ የጉና ተራራ ብርድ በአጥሩ ስር ይገባል። አየሩ 20 ዲግሪ ከሆነ ሠንጠረዡ ራሱ በ1.12 አባዛ ይላል፣ 134ቱም 150 ይሆናል። ተራራው ለሽቦው የሰጠው ስጦታ ነው እንግዲህ። ለሞተሩም እንዲሁ፦ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን አጥግቦ አያቀዘቅዝም፣ የሞተሩ ደረጃም ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ ከሞተሩ የሙቀት ፈቃድ አንድ አንድ በመቶ ይቀንሳል። ግን ያው ደረጃ አካባቢው በዚያው ልክ ከቀዘቀዘ ተካክሷል ብሎ ይተዋል። 80 ዲግሪ የሙቀት ጭማሪ ለተፈቀደለት ሞተር በ3,000 ሜትር ላይ አየሩ ከ24 ዲግሪ ካልዘለለ የተጻፈለትን ጉልበት ሙሉውን ይሰጣል ማለት ነው። ከፍታው የወሰደውን ብርዱ መለሰ። ይህን ሒሳብ ሳስበው ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል።

ቢሆንም 70 እላለሁ። የሽቦው ቱቦ የሚያልፈው ጉና አናት ላይ ሳይሆን በወፍጮ ክፍል ጣሪያ ስር ነው። እኩለ ቀን ላይ፣ ቆርቆሮው ግሎ፣ ሁለት ሞተር ሲተነፍስ፣ ቱቦው በዱቄት ተሸፍኖ፣ ማን 20 ዲግሪ ነው ሊል ነው? ያው ባለቤት ሥራው ተሳክቶለት ቁልቁል ወርዶ በስማዳ ቆላ፣ ወደ በሽሎ ዘንበል ባለ መንደር ተመሳሳዩን ወፍጮ ቢተክል ደግሞ 40 ዲግሪ ያገኘዋል። በዚያ ሙቀት የ70ው 171 በ0.87 ተባዝቶ ወደ 149 ይወርዳል፤ አሁንም ከ135 በላይ ነው። 50ውስ? 117 ሆኖ ይቃጠላል። ደጋም ቆላም የሚያዋጣው አንዱ ነው።

እስካሁን ያለው የሽቦ ምርጫ ነው፤ ቁጥር ማንበብ ለሚችል ሁሉ ክፍት ነው። እጅና ዓይን የሚለዩት ከቱቦው ጀምሮ ነው።

ባለ 70ው ሽቦ ከነልባሱ ወፍረቱ እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የመሬት ሽቦው ግማሹ ይበቃዋል፤ 35 ካሬ፣ ወፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር ገደማ። የአራቱ የተቆረጠ ገጽ ሲደመር 625 ካሬ ሚሊ ሜትር ግድም ነው። የአሜሪካኖቹ ደንብ ሦስትና ከዚያ በላይ ሽቦ ያለበት ቱቦ ከመቶ 40 በላይ አይሞላ ይላል። (አንድ ሽቦ ብቻ ከሆነ 53 ይፈቀዳል፤ ሁለት ከሆኑ ግን 31። ይህን መጀመሪያ ያነበበ ሁሉ የማተሚያ ስሕተት ይመስለዋል። አይደለም፤ ሁለት ክብ ጎን ለጎን ሲሆኑ ሞላላ ይሆናሉ፣ ሞላላ ነገር ደግሞ በክብ ቱቦ መታጠፊያ ላይ እየተገላበጠ ያስቸግራል።) ታዲያ ሱቅ ስንሄድ ባለ 50 ቱቦ አለ። እዚህ መጀመሪያ የሚስተው ነገር፣ በአውሮፓው ልማድ በቱቦው ላይ የተጻፈው ቁጥር የውጭው ስፋት መሆኑ ነው፤ አሜሪካኖች የሚጠሩት ቁጥር ግን ወደ ውስጡ የቀረበ ነው። የባለ 50ው ውስጥ 45 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ገጹ 1,590 ካሬ ሚሊ ሜትር። 625 ለ1,590፦ ከመቶ 39።

ያልፋል። በጭንቅ፣ ግን ያልፋል። የሚቆጣጠር መሐንዲስ ቢመጣ ማስያውን አውጥቶ ይመታና «ደህና ነው» ብሎ ይሄዳል።

ሠሪው ግን ቱቦውን ለሱቁ ይመልሰዋል። ምክንያቱም 45ን ለ15 ሲያካፍል 3 አገኘ፤ ከሁሉ ቁጥር የሚፈራው ይህን ነው። ሦስት እኩል ሽቦ ቀጥ ባለ ቱቦ ውስጥ ሲሄድ ሦስት ማዕዘን ሠርቶ ይሄዳል። መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ጉተታው ወደ ውስጠኛው ጎን ይጫነዋል፣ ሦስት ማዕዘኑ ይዘረጋል፣ ሦስቱ ሽቦዎች ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ሦስት ጊዜ 15፣ 45። የቱቦው ውስጥም 45። ሽቦው እንደ ሽብልቅ ይሰነቀርና ወደ ፊትም ወደ ኋላም አልሄድም ይላል። አንዱ ረዳት ከወዲያ ይገፋል፣ ሁለቱ ከወዲህ ይስባሉ፣ ልባሱ ይላጣል፤ መላጡንም ማንም አያይም፣ ውስጥ ነውና። የአሜሪካው ኮድ ይህን የሚያነሳው በማስታወሻ መልክ ነው እንጂ በትእዛዝ አይደለም፦ የቱቦው ውስጥ ለሽቦው ወፍረት ሲካፈል ከ2.8 እስከ 3.2 መካከል ከወደቀ ተጠንቀቁ ይላል። አስገዳጅ ያልሆነችዋን መስመር አንብቦ መዳቡን ሳይሆን ቱቦውን የሚያሳድግ ሰው ነው ባለሙያ የምለው። ባለ 63ው ውስጡ 57 ያህል ነው። 57 ለ15 ወደ 3.8። ሙላቱ ከመቶ 25 አይደርስም፤ ሦስት እጁ ባዶ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። የባለቤቱ ቅሬታ የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሳጥኑ። የአሜሪካው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው፤ እኛ አገር ሕግ አይደለም። የእኛው የሕንፃ ኮድ ደረጃ ቁጥር 10 እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቷል፤ አዋጅ ቁጥር 810/2006ም የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራ ሰው የብቃት ማረጋገጫ እንዲይዝ ያስገድዳል። ነገር ግን ወፍራም ሽቦ ሳጥን ውስጥ ስንት ቦታ ይፈልጋል ለሚለው ጥያቄ የአሜሪካኖቹን ያህል በግልጽ ቁጥር የመለሰ አላየሁም፤ ስለዚህ በእነሱ ልክ እንለካው። ለቀጭን ሽቦ ሳጥኑን በይዘት ይለኩታል፤ እያንዳንዱ ሽቦ ይህን ያህል ኪዩብ ይገባዋል እያሉ። ወፍራም ከሆነ ግን፣ እነሱ ቁጥር 4 ከሚሉትና 21 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነው ጀምሮ፣ በእኛ ሱቅ ከ25 ወዲያ ያለው ሁሉ ማለት ነው፣ ይዘቱን ትተው ርዝመቱን ይለካሉ። ሽቦው በአንዱ ግድግዳ ገብቶ በትይዩው ቀጥ ብሎ የሚወጣ ከሆነ ሳጥኑ ከትልቁ ቱቦ 8 እጥፍ ይርዘም። ጥግ የሚዞር ከሆነ ከመግቢያው እስከ ትይዩው ግድግዳ 6 እጥፍ፣ በዚያው ረድፍ ሌላ ቱቦ ካለም የእሱ ስፋት ይጨመርበት።

ቀጥ ብሎ ለሚሄደው ሽቦ የሚበልጥ ቦታ መሰጠቱ ግራ ያጋባል። ዝም ብሎ ለሚያልፍ ምን ቦታ ያስፈልገዋል? ለሳቢው ነው የሚያስፈልገው። ሽቦው ከመጀመሪያው ቱቦ ወደ ሳጥኑ ይሳባል፣ ትርፉ በክዳኑ በኩል ተጎትቶ መሬት ላይ ይከመራል፣ ከዚያ ጫፉ ወደ ሁለተኛው ቱቦ ይላካል። የተከመረው እያነሰ እያነሰ ይሄድና መጨረሻ ላይ ከሳጥኑ አፍ የወጣች አንዲት ቀለበት ትቀራለች። ያቺን ቀለበት ሳይሰብሩ ወደ ውስጥ ለማስተኛት ነው 8 እጥፍ የተባለው። ጥግ ለሚዞረው ሽቦ ግን ቅስቱ ራሱ ማረፊያው ስለሆነ 6 ይበቃዋል። ይህን ቁጥር የጻፈ ሰው እጁ በመዳብ ደምቶ ያውቃል ብዬ እገምታለሁ።

63 በ8 ሲባዛ 504 ነው። ሱቅ ያለው ሳጥን 500። አራት ሚሊ ሜትር! «ለአራት ሚሊ ሜትርማ…» የሚለው ብዙ ነው፣ እኔም በዚህ አልጣላም፤ ደንበኛው 600ውን መግዛት ካልቻለ አቅጣጫውን ቀይሮ ጥግ ማዞር ይቻላል። 63 በ6፣ 378። የ400 ሳጥን በቂ ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ብዙ የወፍጮ ቤት መስመሮች ከላይ መጥተው ወደ ማብሪያው ሰሌዳ ስለሚወርዱ ለነገሩ ጥጉ አይቀርም።

ከዚህ በኋላ ያለችው ነገር በጣም የምወዳት ናት። የ400ው ሳጥን ተገዛ፣ ልኩ ደንቡን አሟላ። አንድ ሠልጣኝ መብሻውን አነሳ። የግራውን ግድግዳ እኩል ላይ፣ የወለሉንም እኩል ላይ ምልክት አደረገ። መሃል ነው፣ ያምራል፣ ከቤቱ በር ሲታይ የተስተካከለ ነው። ስሕተቱም ይኸው ነው። ኮዱ አንድ ተጨማሪ ነገር ይጠይቃል፦ ያው ሽቦ በገባበትና በወጣበት ቀዳዳ መካከል ያለው ርቀትም 6 እጥፍ ይሁን። ሁለቱም መሃል ለመሃል ሲበሱ ከአንዱ ቀዳዳ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው ያለው። የሚያስፈልገው 38። ሳጥኑ በቂ ሆኖ ሳለ ሽቦው በጠባቡ ታጥፎ ይቀመጣል፣ የቀኙ ላይኛ ጥግ ደግሞ ባዶውን ቁጭ ይላል። የዋናው ሠሪ እርሳስ ግን ወደ ጥግ ይሸሻል፤ የግራውን ቀዳዳ ከላይኛው ጠርዝ 7 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ የወለሉን ከቀኙ ጠርዝ 7 ሴንቲ ሜትር ላይ ያደርገዋል። ያቺ 7 ሴንቲ ሜትር ማጥበቂያው ቀለበት እንዲዞርባት የተተወች ናት። አሁን ርቀቱ 42 ሆነ። ከአንድ ሳጥን፣ አንድ ብር ሳይጨመር፣ 18 ሴንቲ ሜትር አተረፈ። ውጭውን ለሚያይ ቱቦዎቹ የተንጋደዱ ይመስላሉ። ክዳኑን ለከፈተ ሰው ግን ሽቦው ሙሉውን ሳጥን ተጠቅሞ ይዞራል።

በጋይንት ይህ ዓይነቱ ዓይን አዲስ አይደለም። ጋይንት ቤተልሔም የድጓ መምህራን የሚመሰክሩበት ደብር ናት፤ ደቀ መዝሙሩ ድጓውን በገዛ እጁ ብራና ላይ መጻፉ የቆየ ልማድ ነው። ጸሐፊው ቀለሙን ከመንከሩ በፊት ብራናውን በወስፌ ይወጋል፣ በወጋው ነጥብ መስመሩን ያለ ቀለም ይጭራል፣ ኅዳጉን ይለያል። የታችኛው ኅዳግ ከሁሉ ይሰፋል። ፊደሉ የሚመጣው ባዶው ተለክቶ ካለቀ በኋላ ነው፤ ብራናው ውድ ስለሆነ ኅዳጉን እንሙላው ያለ ጸሐፊ የለም። የሳጥኑ ሠሪም እርሳሱን የሚያነሳው እንደዚያ ነው፦ መጀመሪያ ሽቦ የማይደርስበትን ይከልላል።

የቱቦው መታጠፊያ ሌላ ታሪክ ነው። ቀጭኑን ቱቦ ውስጡ ስፕሪንግ ከትቶ በጉልበት ላይ ማጠፍ ይቻላል፤ ባለ 63ው ግን በብርዱ አይታጠፍም፣ ይሰበራል። አሸዋ ሞልቶ፣ ሁለቱን አፍ ደፍኖ፣ በዝግታ እሳት ላይ እያዞሩ ማለስለስ ይጠይቃል፤ ቢቸኩል ይጠቁራል፣ ቢዘገይ ይጨማደዳል። ይህ ስለሚያስቸግር ብዙ ሰው ከውኃ ዕቃ ሱቅ ኤልቦ ገዝቶ ያጣብቃል። ውኃ ጠባብ ጥግ ላይ ቢዞር ምንም አይሆንም። ባለ 70 ሽቦ ግን የውኃ ኤልቦ ውስጥ አይዞርም፤ ቢዞርም ልባሱን ጥሎ ነው። እንግሊዞች የቱቦው መታጠፊያ የውስጥ ሬዲየስ ከቱቦው ስፋት ሁለት እጥፍ ተኩል አይነስ ይላሉ፤ ለባለ 63ው 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የውኃው ኤልቦ እዚያ አይደርስም።

ስንት መታጠፊያ? አሜሪካኖች በሁለት መሳቢያ መካከል አራት ሩብ ዙር ይፈቅዳሉ፣ እንግሊዞች በልማድ ከሁለት አያልፉም። እኔ ከእንግሊዞቹ ጋር ነኝ፤ ምክንያቴም ሒሳብ ነው። በመታጠፊያ ላይ የሚጎተት ነገር ጉተታው አይደመርም፣ ይባዛል። ደረቅ ፒቪሲ በደረቅ ፒቪሲ ላይ ሲፋተግ ሰበቃው 0.5 ነው ብንል፣ እያንዳንዱ ሩብ ዙር የመሳቢያውን ጉልበት በ2.2 ያበዛዋል። አራት ዙር ላይ 23 እጥፍ ሆነ። ከወዲያ በ10 ኪሎ ጉልበት የሚንቀሳቀሰው ሽቦ ከወዲህ 230 ኪሎ ይጠይቃል ማለት ነው፤ አራት ጎረምሳ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ «በርታ!» ሲባባል የሚሰማው ያኔ ነው። ሰበቃው በማለስለሻ ወደ 0.2 ቢወርድ ያው አራት ዙር 3 እጥፍ ተኩል ብቻ ነው። የልብስ ሳሙና የሚቀባ ሠራተኛ አለ። ለዕለቱ ያንሸራትታል፤ ሲደርቅ ግን ሽቦውን ከቱቦው ጋር ያጣብቀዋል፣ ቀጥሎ ሽቦ መለወጥ ያለበት ሰው ይረግመዋል።

የቀረው የጠርዝ ሥራ ነው፤ እጅ የሚታወቀው በጠርዝ ነው። የተቆረጠ ቱቦ አፉ ስለት አለው፤ በሞረድ ከውስጥም ከውጭም ይስተካከላል፣ ከዚያ በጣት ይዳሰሳል። ጣት ያልቧጨረው ልባስን አይቧጭርም። የሳጥኑ ቀዳዳ ላይ የፕላስቲክ ቡሽንግ ይገባል፤ ለወፍራም ሽቦ ይህ ጌጥ ሳይሆን ግዴታ ነው፣ ምክንያቱም ከባዱ ሽቦ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ነቅነቅ ይላል፣ የብረቱ ጠርዝም በየዕለቱ ትንሽ ትንሽ ያርደዋል። ሦስቱም ፌዝ በአንድ ቀዳዳ ይግቡ። አንዳንዱ ለውበት ብሎ ለእያንዳንዱ ፌዝ የየራሱን ቀዳዳ በብረት ሳጥን ላይ ይበሳል፤ እንዲህ ሲሆን በእያንዳንዱ ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ብረት በመግነጢስ ይግላል። አብረው ሲገቡ አንዱ የሌላውን ያጠፋል፣ ብረቱም ቀዝቃዛ ሆኖ ይውላል።

ለጋይንት ብቻ የምትሆን አንዲት ጥንቃቄ ደግሞ አለች። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ አየሩ ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ውጭ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ቱቦው ከውስጥ ወደ ውጭ ሲያልፍ ሞቃቱ አየር በቱቦው ውስጥ ተጉዞ ብርዱ ጋ ሲደርስ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ቱቦው ወደ ሳጥኑ ያዘቀዘቀ ከሆነ ውኃው ሳጥኑ ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ ግድግዳውን በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ የቱቦው አፍ በማሸጊያ ይደፈናል፣ ቱቦውም ወደ ውጭ ዘንበል ይደረጋል። የክዳኑ ጎማ ደግሞ የሚገባው ለዱቄቱ ነው። ዱቄት ሳጥን ውስጥ ገብቶ ሲተኛ ሙቀት ያፍናል፣ አየር ላይ በብዛት ሲበተን ደግሞ ብልጭታ ይጠብቃል። ክዳኑን ለመዝጋት ሰንፎ ሁለት ብሎን ብቻ ያሰረውን ሠራተኛ ይቅር ለማለት ይቸግረኛል።

መጨረሻ ላይ የልባስ መለኪያው ሜገር ይወጣል፤ ብሬከሩ ጠፍቶ፣ ሞተሮቹ ተፈትተው፣ 500 ቮልት በሽቦና በመሬት መካከል ይላካል። የዓለም አቀፉ ደረጃ ቢያንስ አንድ ሜጋ ኦም ይላል። አዲስ ሽቦ በደህና ከተሳበ ከዚያ እጅግ አብልጦ ያሳያል፤ መርፌዋ ወደ አንዱ ከተጠጋች ግን የሆነ ቦታ ላይ ልባስ ተላጧል፣ ሽቦውም ተስቦ ይወጣል። ማንም ሠራተኛ ይህን ሰዓት አይወደውም። ባለ 63ውን ቱቦ የመረጠው ግን በዚህ ሰዓት ሻይ መጠጣት ይችላል።

የባለቤቱ ጥያቄ ደግሞ የሚመለሰው ከዓመታት በኋላ ነው። ገበያው ሞላ፣ ተራው ረዘመ፣ ሦስተኛ ባለ 30 ወፍጮ አስፈለገ። ሦስቱ ሞተር 180 አምፔር፣ ሩቡ ሲጨመር 195። የ70ው ሽቦ በ171 ይቀራል፤ 95 ካሬው ግን 207 ይችላል። 95 ወፍረቱ 17 ሚሊ ሜትር ነው፣ የመሬት ሽቦው 50 ሆኖ 13 ሚሊ ሜትር፤ አራቱ ሲደመሩ 814 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል። ባለ 63ው ቱቦ ውስጡ 2,550 ነው፤ ከመቶ 32 ሞላ። 57ን ለ17 ስናካፍል 3.35፤ ከሚያጣብቀው ክልል በትንሹም ቢሆን ወጣ ብሏል። ሳጥኑም የሚለካው በቱቦው ስለሆነ ልኩ አልተለወጠም፤ ቀዳዳዎቹ በየጥጋቸው ናቸው። ያው ልጅ፣ አሁን ጸጉሩ ትንሽ የሸበተው፣ አራቱን ብሎን ፈትቶ የድሮውን ሽቦ ጫፍ ከአዲሱ ጋር ያስርና ይስባል፤ ግድግዳ አይፈርስም፣ ልስን አይነካም፣ ወፍጮውም ከሰዓት በኋላ ይፈጫል።